መኪናው የቆመ ዕለት
ከባድ መኪና ሊይዝ ለተነሣ ወጣት የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥተህ ከጉኑኖ ልትወጣ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በእኛ በወላይታ ዳሞት ሶሬ መሬቱ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ነው፤ መሪ መያዝ ደግሞ ቤተሰብ የሚያሳድር ሙያ ነው። ነገር ግን ድርጅት ስትመርጥ በመኪናው አዲስነትና በሚጠራልህ ደመወዝ አትታለል። መኪና እየሄደ ገንዘብ ሲያስገባ አሠሪ ሁሉ ደግ ነው። ማንነቱ የሚለየው መኪናው የቆመ ዕለት ነው፤ ጎማ ሲፈነዳ፣ የወደብ ወረፋ ሲረዝም፣ አደጋ ሲደርስ፣ ሹፌር ሲታመም። የዚያን ዕለት ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳታውቅ አትፈርም።

1. ከቢሮው በፊት ሹፌሮቹን ስማ። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ፣ አዋሽ ወይም ሚሌ የሚያድሩ ሹፌሮች ሻይ ይዘው ያጫውቱሃል። «ድርጅታችሁ ጥሩ ነው?» አትበል፤ ለማያውቁት ሰው «ምንም አይል» ነው መልሱ። «ያለፈው ወር ደመወዝ ስንት ቀን ዘገየ? ይህን መኪና ከአንተ በፊት የያዘው ሰው ለምን ለቀቀ?» ብለህ ጠይቅ። አንድ መኪና በዓመት ሦስት ሹፌር ከቀያየረ ጥፋቱን በሹፌሮቹ ላይ አታሳብብ። ረዳቱንም ጠይቅ፤ ረዳቱን የት አስተኝቶ ምን እንደሚከፍለው ካወቅህ የአሠሪውን ልብ ታውቃለህ።

2. ውልህ በወረቀት ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራህን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። «ለጊዜው ጀምር፣ ውሉ ይደርሳል» የሚልህ ካለ ወረቀቱ እስኪደርስ አንተም መኪናውን አትረከብ። ከደመወዝህ ለጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርልሃል። መቆረጡ ብቻ አይበቃም፤ በስምህ ገቢ መደረጉን አጣራ።

3. ደመወዝን ከአበል ለይ። ብዙ ድርጅት ደመወዙን አሳንሶ ይጽፍና ቀሪውን በአበል ወይም በቢያጆ፣ ማለትም በጉዞ ቆጥሮ፣ ይከፍላል። በቢያጆ መከፈል ብቻውን ክፋት የለውም። ጋላፊ ድንበር ወይም ጅቡቲ ወደብ ላይ ስትቆም ግን አበሉ ቀን ቆጥሮ ይቀጥላል ወይስ ለጉዞው በተሰጠህ ብቻ ትውላለህ? እዚያ ውሃውም ምግቡም በጅቡቲ ፍራንክ ነው። ደግሞም አበል በሕጉ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ጡረታህም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያህ የሚሰላው በደመወዝህ ስለሆነ፣ ዛሬ በአበል ያበጠ ገቢ ኋላ ላይ ትንሽ ሆኖ ታገኘዋለህ።

4. ጉድለትና ቅጣት የማን እንደሆነ ጠይቅ። የነዳጅ ጉድለት፣ የፈነዳ ጎማ፣ የጎደለ ጆንያ፣ በሚዛን ጣቢያ የተገኘ ትርፍ ጭነት፣ ሁሉም ዞሮ ሹፌሩን ይፈልጋል። ጭነቱን ያዘዘው ቢሮው ሆኖ ቅጣቱ የአንተ ከሆነ ያ ድርጅት በአንተ ኪስ ይነግዳል። እኔም መንገድ ላይ ድንጋይ ለሰበረው መስታወት ከደመወዜ ተቆርጦብኝ ያውቃል። ሕጉ ግን ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ደመወዝ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ ሲቆረጥም በወር ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። «የጽሑፍ ስምምነት» የሚለውን ልብ በል። መኪና ስትረከብ በሚያስፈርሙህ ወረቀት ውስጥ ተደብቆ ሊመጣ ይችላልና አንብበህ ፈርም፤ ባዶ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አትፈርም።

5. እንቅልፍህን የሚያከብር ፈልግ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ቀን ከሆነ የመደበኛው ሰዓት አንድ ተኩል፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። መንገድ ሰዓት እንደማያከብር አውቃለሁ። ስለዚህ ፈተናው ይህ ይሁን፦ ሹፌር ሌሊት ደውሎ «ደክሞኛል፣ ላቆም ነው» ሲል ስምሪት ክፍሉ ምን ይመልሳል? ሹፌሮቹ ጫት ካልቃሙ የማይደርሱበት የጉዞ ሰዓት የሚቆርጥ ድርጅት ገደል እያዘጋጀልህ ነው። አንድም የእኛ ጉዳይ አለ። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ በአገር አቀፍ የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ፣ መስከረም ላይ ቤትህ ለመድረስ የዓመት ፈቃድህን ማስላት ይኖርብሃል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን አለህ፤ በጠየቅህበት ጊዜ ይሰጡህ እንደሆነ ከነባሮቹ አጣራ።

6. «አልሄድም» ማለት ይቻላል ወይ? ባለፉት ዓመታት በኦሮሚያና በአማራ ክልል መንገዶች ሹፌሮች ተገድለዋል፣ ታግተውም ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። ባለንብረቱም የባንክ ዕዳ ስላለበት መኪናው እንዳይቆም መፈለጉ ይገባኛል፤ ነፍስህ ግን መተኪያ የላትም። መንገዱ ተበላሽቷል ብሎ የቆመ ሹፌር ተመስግኖ እንደሆነ ወይስ ከሥራ ተባርሮ ጠይቅ። የታገተ ካለም ድርጅቱ ቤተሰቡን እንዴት እንደያዘ ስማ።

7. የአደጋ ቀን ማን ይመጣል? ሰው የሞተበት አደጋ ከደረሰ ሹፌሩ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድረው። ጠበቃ የሚያቆም፣ ዋስ የሚሆን፣ ስንቅ የሚያቀብል ማን ነበር? የሦስተኛ ወገን መድን ለሌላው ተጎጂ ነው፤ ለሹፌሩና ለረዳቱ የተለየ መድን መኖሩን ጠይቅ። በሥራ ላይ ስትጎዳ የሕክምና ወጪህ የአሠሪው ግዴታ እንጂ ችሮታው አይደለም።

8. አንተም ንጹሕ ሁን፣ ማስረጃህንም ያዝ። ነዳጅ ቀድቶ የሚሸጥና ያልተፈቀደ ዕቃ የሚጭን ሹፌር መብቱን ሲጠይቅ አፉ ይታሰራል። የጉዞ ትእዛዝ፣ የነዳጅ ደረሰኝና የርክክብ ሰነድ ቅጂ ይኑርህ፤ የቆምክባቸውን ቀናት በማስታወሻ ጻፍ። ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ትርፍ ሰዓት ካለ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ካልሆነ ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት አቤት በል። የክፍያ ጥያቄ መቅረብ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር፣ «ወደ ሥራዬ መልሱኝ» የሚል ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ይታገዳል። ብዙ የአገራችን ልጆች «አለቃዬን አላስቀይም» ብለው ሲታገሡ ቀኑ አልፎባቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ የቀረ ዕለት ጀምረህ ቀን ቁጠር።