የደም ብዛት ኪኒንና በደም ውስጥ ያለው ስብ

እናቶች ሆይ! ቤታችንንና ውሃችንን በንጽሕና እንደምንይዝ ሁሉ፣ በቤታችን የምናስቀምጠውን መድኃኒትም አውቀን ልንይዝ ይገባናል።

አንዲት የገራዶ እናት ደሴ ሄዳ ስትመረመር ደም ብዛት ተገኘባትና ኪኒን ተሰጣት እንበል። ወሩ ሳይሞላ ጎረቤቷ፦ «እሱ ኪኒን እኮ ደም ውስጥ ስብ ያበዛል፤ ተይው፣ ይቅርብሽ» አለቻት። እርሷም ተወችው። ጎረቤቲቱ የተናገረችው በከፊል እውነት ነው፤ ምክሯ ግን አደገኛ ነው።

በደም ውስጥ ያለ ስብ ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ለሰውነት ያስፈልጋል፤ አብዛኛውንም ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል። ሲበዛ ግን በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል። ደለል የሞላው የመስኖ ቦይ ውሃ በደንብ እንደማያሳልፍ፣ ስብ ያጠበበው የደም ሥርም ደም በደንብ አያሳልፍም። ደም ብዛት ደግሞ ግድግዳውን ስለሚጎዳ ስቡ በቀላሉ ይይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ ልብን ይጎዳሉ፤ አንጎልንም መትተው ሰውን ሽባ ያደርጋሉ።

ስብ የሚጨምረው የትኛው ኪኒን ነው?

1ኛ/ ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኮሌስትሮልን በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል። ይህም በይበልጥ የሚታየው መጠኑ ሲበዛ ነው፤ ዛሬ በሚታዘዘው 12.5 ወይም 25 ሚሊግራም ለውጡ ትንሽ ነው።

2ኛ/ የልብን ምት የሚያዘገዩት ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል፣ ትሪግሊሰራይድ የተባለውን ስብ ጥቂት ከፍ፣ ጥሩውን ኮሌስትሮል ጥቂት ዝቅ ያደርጋሉ።

3ኛ/ አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒንና ኢናላፕሪል የደምን ስብ አያበዙም።

ታዲያ ኪኒኑን እንተወው?

አይገባም! ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ከ33,000 የሚበልጡ የደም ብዛት ሕመምተኞች በሰሜን አሜሪካ ለዓመታት ተጠንተው፣ ውጤቱ በ1995 ዓ.ም. ታወቀ። ሽንት የሚያሸናውን ዓይነት ኪኒን የወሰዱት ሰዎች ኮሌስትሮል ሌላ ኪኒን ከወሰዱት ጥቂት በልጦ ተገኘ፤ ልዩነቱ ግን ከ200 ላይ 2 ያህል ብቻ ነበር። በልብ ሕመም የተጎዱትም ከሌሎቹ አልበለጡም። ኪኒኑ የሚያመጣው ትንሽ ነው፤ የሚከላከለው ጉዳት ግን ትልቅ ነው። ይልቁንም ፕሮፕራኖሎልን ወይም አቴኖሎልን በድንገት ማቆም ልብን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ምን እናድርግ?

ሀ/ ኪኒኑን ሐኪም ሳያዝ አትተዉ፤ የጎረቤትንም ኪኒን አትዋሱ። ደህና ነኝ ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ይጎዳልና።

ለ/ ለክትትል ስትሄዱ፦ «የደሜ ስብ ይታይልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። በዝቶ ቢገኝ ሐኪሙ ኪኒኑን ይለውጣል ወይም ስብ የሚቀንስ መድኃኒት ይጨምራል።

ሐ/ ቅቤ፣ ሞራና የሚረጋ ዘይት ቀንሱ። የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይሻላል፤ እርሱም በልክ ይሁን። ጎመን፣ ምስርና ሽሮ አዘውትሩ።

መ/ ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። በበርበሬና በሽሮ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

ሠ/ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ኪኒን አይቋረጥም። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ስለ ሰዓቱ አማክሩ።

ረ/ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እናት ሳትዘገይ ለሐኪም ትንገር፤ እንደ ኢናላፕሪል ያለው ኪኒን ፅንስን ይጎዳል።

ሰ/ ኪኒኑን ከምድጃ ጢስና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት ሣጥን አስቀምጡ።

ያቺ የገራዶ እናት ዛሬ ብትጠይቀን መልሳችን ይህ ነው፦ እመቤቴ፣ ከድስትሽ ስቡን ቀንሺ፤ ኪኒኑን ግን አትተዪ፤ አሁኑኑ ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ።