የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ማለቁን እንዴት እናውቃለን? እንዴትስ እንለውጣለን?

በዛሬው የሙያ ትምህርታችን የምንመለከተው የፒክአፕ መኪና የኋላ ጎማ ኩሽኔታን ነው። እኛ በሙያችን መምህራን ብንሆንም፣ ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ካርቱም ላይ ከመነሳቱ በፊት ካላክላ ስንኖር፣ ከማስተማር በኋላ በአንድ ጋራዥ በረዳትነት እንሠራ ነበር። በብዛት የሚመጡልን ሱዳኖች «ቦክሲ» የሚሏቸው ቶዮታ ሃይሉክሶች ነበሩ፤ በጀበል አውሊያ መንገድ ሰውም ሲሚንቶም ይጭናሉ። እዚያ የተማርነውን እነሆ።

ለምን አደገኛ ነው?

ኩሽኔታ የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር ያደርጋል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ጎማው የሚታሰርበት ዘንግ ከአክስሉ ቱቦ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱው ነው። ስለዚህ ፈጽሞ ከተሰበረ ጎማው ከነዘንጉ ተስቦ ሊወጣ ይችላል። ከኋላ የተሳፈሩት ወገኖቻችን ደግሞ የሚይዛቸው ቀበቶ የለም።

ምልክቶቹ

1. ድምፅ፦ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር ጉርምርምታ ይሰማል። ካምቢዮውን ለአፍታ ፎሌ ስታደርጉ ካልጠፋ ከሞተሩ አይደለም። ከአስፋልት ወደ አፈር መንገድ ስትገቡ ከተለወጠ ጎማውን ጠርጥሩ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ከጨመረ፣ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያደላ ብዙውን ጊዜ የቀኙ ነው።

2. መነቃነቅ፦ ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ከተንቋቋ ወይም በእጅ ሲዞር ከሻከረ አልቋል።

3. ሙቀት፦ ከጉዞ በኋላ አንደኛው ጎማ መሃሉ ከሌላው እጅግ ከጋለ፣ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ የተያዘ ፍሬን ነው።

4. ዘይት፦ በጎማው የውስጥ ጎን ዘይት ከታየ ኦይል ሲሉ አልቋል። ዘይቱ የፍሬን ሸራውን ካራሰ መኪናው በደንብ አይቆምም።

አለዋወጡ

1. የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ስለሆነና ታምቡሩን ለማውጣት መለቀቅ ስላለበት፣ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አግዱ። መኪናውን በጠንካራ ድጋፍ ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ።

2. ጎማውንና ታምቡሩን አውጡ። የፍሬን ዘይት ቱቦውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን አላቁ።

3. ከፍሬኑ ሰሌዳ ጀርባ ያሉትን 4 ዳዶዎች ፍቱና ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

4. አሮጌው ኩሽኔታ በፕሬስ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ የሚገፋው የውስጠኛው ቀለበት ብቻ ነው፤ ውጪው ከተመታ አዲሱ ገና ሳይሠራ ይበላሻል። በእሳት አታሙቁት።

5. ኦይል ሲሉንና አጥባቂ ቀለበቱን አብራችሁ ለውጡ። አሮጌ ቀለበት ሁለተኛ ጊዜ አይጠብቅም።

6. ከገጠማችሁ በኋላ ከፍሬኑ ውስጥ አየር አስወጡ፣ የዲፈረንሻሉን ዘይት መጠን ሙሉ። ሳትጭኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ሙቀቱን እንደገና እዩ።

ሀቡብ ሲነሳ ኩሽኔታ አትክፈቱ፤ ጥቂት አሸዋ አዲሱን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

ከስህተታችን ተማሩ

አንድ ቀን ስንቸኩል የፍሬኑን ሰሌዳ ሳናስገባ ኩሽኔታውን በፕሬስ አጠበቅነው። ሰሌዳው ከዚያ በኋላ አይገባም። አዲሱን ኩሽኔታ ሰብረን አወጣነው፤ ዋጋውም ከደመወዛችን ተቆረጠ። ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ መጀመሪያ ሰሌዳው፣ ቀጥሎ ኩሽኔታው፣ በመጨረሻ ቀለበቱ።

ለሾፌርም ለተሳፋሪም የምንለው ይህ ነው፦ ኩሽኔታ ብዙውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጮሃል። ተሳፋሪም ቢሆን ጉርምርምታውን ሲሰማ «ወንድሜ፣ ጎማህን እስቲ እየው» ማለት ነውር አይደለም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ድምፁ ከጨመረ የትኛውን ጎማ እንመረምራለን?
2. ኦይል ሲሉ ቢያልቅ ፍሬኑን የሚጎዳው እንዴት ነው?
3. ከኩሽኔታው በፊት ዘንጉ ላይ የሚገባው ምንድን ነው?

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ሰላም ሁኑ።