ትምህርት 14፦ ማኅበር ፓርቲ ሲወልድ

የእድራችሁን ሣጥን አስቡ። ለክፉ ቀን በሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀማችሁት ነው። ዳኛ መጥቶ «ሣጥኑን ለከሰሳችሁ ባለሀብት አስረክቡ» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? በብሪታንያ አገር ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል። በዚህ ትምህርት ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በደቡብ ዌልስ ታፍ ቬል የሚባል የባቡር ኩባንያ ነበረ። በ1900 ሠራተኞቹ አድማ መቱ፤ ማለት ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ማኅበራቸውን ከሰሰ። በ1901 ዳኞች ለኩባንያው ፈረዱ። ማኅበሩም 23 ሺህ ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ገንዘቡ ሠራተኛው ከትንሽ ደመወዙ ያዋጣው ነበር።

ሠራተኞቹ ከዚህ ምን ተማሩ? ማኅበር ደመወዝ ያስጨምራል፤ ሕግ የሚወጣው ግን በፓርላማ ነው።

የሠራተኛ ማኅበራትና ሶሻሊስቶች በ1900 ለንደን ላይ ተሰብስበው፣ የሠራተኛ ተወካዮችን ፓርላማ የሚያስገባ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ኬር ሃርዲ ነው። ሃርዲ በ10 ዓመቱ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ገባ። ማንበብ ያስተማሩት ወላጆቹ ናቸው፤ እንደ ብዙዎቻችሁም ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ተማረ።

ኮሚቴው መጀመሪያ ያስመረጠው 2 ሰው ብቻ ነበር። ከታፍ ቬል ፍርድ በኋላ ግን ብዙ ማኅበራት ገቡ። ያን ጊዜ የፓርላማ አባል ደመወዝ ስለሌለው ተወካዮቹን ያኖሩት በመዋጮ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ! በ1906 29 ሰዎች ተመረጡ፤ ኮሚቴውም ሌበር ፓርቲ፣ ማለት የሠራተኛ ፓርቲ ተባለ። በዚያው ዓመት የማኅበር ገንዘብ በአድማ ምክንያት ለካሣ እንዳይወሰድ ሕግ ወጣ።

ፓርቲው የያዘው መንገድ ዴሞክራቲክ ሶሻሊዝም ይባላል። ሀብት ለብዙኃኑ ጥቅም ይዋል፤ ሥልጣን ግን በጠመንጃ ሳይሆን በድምፅ ይያዝ፣ በድምፅም ይለቀቅ ማለት ነው። ፓርቲው በ1945 አሸነፈ። የከሰል ማዕድኑን የሕዝብ አደረገ፤ በ1948 ደሀውም ሀብታሙም ሳይከፍል የሚታከምበትን አገልግሎት ጀመረ። በ1951 ምርጫ ሲሸነፍ ደግሞ ሥልጣኑን አስረከበ።

ነገር ግን «የሠራተኛ» የሚል ስም ብቻውን አይበቃም። በ1931 የፓርቲው መሪና ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴይ ማክዶናልድ ለሥራ አጦች የሚሰጠው ገንዘብ ይቀነስ አለ። ማኅበራቱ እምቢ አሉ። እሱ ከተቃዋሚዎቹ ጋር መንግሥት ሲያቆም ፓርቲው አባረረው። መሪን የመረጠ ሰው መሪውን መጠየቅም አለበት።

ጥያቄዎች
1. የባቡር ሠራተኞቹ ገንዘብ ለምን ተወሰደ?
2. ማኅበራቱ ፓርቲ ለምን አስፈለጋቸው?
3. የመረጣችሁት ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ምን ታደርጋላችሁ? ተወያዩበት።