ኮምፒውተራችን እምቢ ሲል፦ ለዕረፍት ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለምንሄድ ተማሪዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የሴሚስተሩ ዕረፍት ደርሷል። ብዙዎቻችን ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም አልፈን ወደየቀበሌያችን እንገባለን። ላፕቶፕ ይዘን የምንሄደውም ጥቂቶች አይደለንም። አብዛኛውን ጊዜ ያ ላፕቶፕ የተገዛው አባት በሬ ሸጦ ወይም እህት ከዐረብ አገር ገንዘብ ልካ ነው። አንዴ ከተበላሸ ሁለተኛ የሚገዛልን የለም።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንድ ተመራቂ ወንድም የጥናት ጽሑፉን ይዞ ወደ ስማዳ ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ ኮምፒውተሩ ከውስጥ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። እርሱም «ይሻለው ይሆናል» እያለ ሁለት ሳምንት ሠራበት። በመጨረሻ አልከፍት ሲለው ለአንድ ጠጋኝ ሰጠው፤ ጠጋኙም ሳይጠይቀው ፎርማት አደረገው። የአራት ወር ልፋት በአንድ ከሰዓት ጠፋ፤ ምረቃውም ዘገየ። ጠጋኙን መውቀስ ይቀለናል። ነገር ግን ድምፁን ሰምቶ ዝም ማለትም ሆነ ቅጂ አለማስቀመጥ የእኛው የሁላችን ልማድ ነው። በአላህ መመካት ሰበብ ከማድረስ አያግደንም፤ እንዲያውም ሰበቡን ማድረስ የመመካቱ አካል ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም የኮምፒውተር አካል ሲበላሽ ራሳችን ምን ማድረግ እንደምንችልና የት ላይ ማቆም እንዳለብን እንማማራለን።

መነሻ ደንብ፦ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አንድ በአንድ

ችግር ስንፈልግ ሁልጊዜ ከቀላሉና ከውጭው እንጀምር፤ ከግድግዳው ሶኬት፣ ከዚያ ከገመዱ፣ ከዚያ ከቻርጀሩ፣ በመጨረሻ ከኮምፒውተሩ ውስጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነካክተን ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው፣ ቢብስበት ደግሞ የትኛው እንደጎዳው አናውቅም። ያደረግነውን በወረቀት እንጻፍ። ከመክፈታችን በፊት ኮምፒውተሩን እናጥፋ፣ ከሶኬት እንንቀል፣ የሚወጣ ባትሪ ካለውም እናውጣ።

1. ጨርሶ አልበራ ሲል

በመጀመሪያ በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር እንሰካ። ስልኩ ካልሞላ ችግሩ የሶኬቱ ወይም የማከፋፈያው ነው። ከሞላ የላፕቶፑን ቻርጀር እንመልከት፦ መብራቱ ይበራል? ገመዱ ከአንገቱ ላይ ተበጥሷል? ቻርጀሩ ደህና ከመሰለ ባትሪውን አውጥተን፣ ቻርጀሩንም ነቅለን፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነን እንያዝ። ይህ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያፈስሳል። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተን እንሞክር። ባትሪው የማይወጣ ዓይነት ቢሆንም ቻርጀሩን ነቅሎ ቁልፉን መያዙ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ቻርጀር መቀየር ካስፈለገን በጀርባው የተጻፈውን እናንብብ። ለምሳሌ «19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር» ከተባለ ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት ያህል ይሆናል። አዲሱ ቻርጀር ቮልቱ ተመሳሳይ፣ አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። አምፒሩ ካነሰ ቻርጀሩ ይግላል፣ ባትሪውም በቅጡ አይሞላም፤ ቮልቱ ከበለጠ ግን ማዘርቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። ጫፉ ስለገባ ብቻ «ይሆናል» አንበል።

ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላው ባለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ እንይ፤ ሲወለወል ተነክታ ጠፍታ ሊሆን ይችላል። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አለ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ሁልጊዜ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ አድርጎ መሰካት ፓወር ሰፕላዩን ወዲያው ያቃጥለዋል።

2. በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን

ማራገቢያው ይሰማል፣ መብራቱም በርቷል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው እንበል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ ባትሪ አብርተን ስክሪኑን በጎን እንይ። ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ ከታየን የጠፋው የስክሪኑ የኋላ ብርሃን ነው፤ ፋይሎቻችን ደህና ናቸው። ምንም ካልታየ ሌላ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን በገመድ እናገናኝ። እዚያ ከታየ ችግሩ የስክሪኑ ወይም የገመዱ ነው።

እዚያም ካልታየ፣ በተለይ ሲበራ «ጢጥ ጢጥ» የሚል ድምፅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ራም ነው። የራሙን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተን፣ ራሙን በጠርዙ ይዘን አውጥተን፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለን ጠርገን፣ ብናኙን አራግፈን «ቀጭ» እስኪል መልሰን እናስገባ። ራሙ ሁለት ከሆነ አንድ በአንድ እንሞክር። ከመንካታችን በፊት ግን ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት እንንካ። በበጋ የደጋው አየር ደረቅ ስለሚሆን ከጋቢና ከብርድ ልብስ ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለእኛ ሳይታወቀን ራምን ሊገድል ይችላል።

3. እየሠራ በራሱ ሲጠፋ

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት ጉዳይ ነው፤ በእኛ አካባቢም የራሱ ምክንያት አለው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ጠለል ካለው አየር ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ በመሆኑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾችም ዕቃቸው የሚሠራበትን የከፍታ ልክ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያቆማሉ። የደጋው ብርድ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ላይ አድርገን የአየር መግቢያውን ስንደፍነው ግን ብርዱ አያድነውም። በረመዳን ሌሊት አልጋ ላይ ሆነን እስከ ሱሑር የምናነብ ሰዎች ይህን እናስብ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ትልቅ መጽሐፍ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አቧራና ጭስ ነው። በውቂያ ሰሞን የገለባ ብናኝ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ የእንጨትና የኩበት ጭስ አለ። ጭሱ ቅባትነት ስላለው አቧራውን ማራገቢያው ላይ እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። በወር አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍተን የአየር መውጫውን በለስላሳ ብሩሽ እንጥረግ። በአፍ አንንፋ፤ ምራቅና እርጥበት ይገባበታል። ኮምፒውተሩንም ከምድጃ ካለበት ክፍል እናርቀው።

ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርዱ የስማዳና የታች ጋይንት ቆላዎች ሙቀታቸው ሌላ ነው። እዚያ የምንሠራ በጠዋትና ከዐስር ሶላት በኋላ ብንሠራ ይሻላል፤ ላፕቶፑንም ፀሐይ ላይ አናስቀምጥ።

በተቃራኒው በብርድ ሲጓዝ ያደረን ኮምፒውተር ሞቅ ያለ ቤት እንዳስገባነው አንክፈተው። መነጽር ላይ እንደሚወርደው ጤዛ ውስጡም ውኃ ይቋጥራል። ከቦርሳው ሳናወጣ አንድ ሰዓት ያህል እናቆየው።

4. መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ጉዳት የሚያደርሰው የመብራቱ መሄድ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጥረው ድንገተኛ ግፊት ይከፋል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን እንንቀል፤ ሲመጣም አምስት አሥር ደቂቃ እንጠብቅ። የአብዛኛው ላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የመብራት ማነስን ይችላል፤ ዴስክቶፕ ግን በቶሎ ይጎዳል። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም። ዩፒኤስ ደግሞ ሥራችንን አስቀምጠን የምናጠፋበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል። ነጎድጓድ ሲኖር ሁሉንም መንቀል ነው።

የላፕቶፑን ብረት ስንነካ የሚነዝረን ከሆነ ብዙ ጊዜ ቤቱ የመሬት ሽቦ የለውም፤ ወይም ባለሦስቱን ሶኬት በሁለት ጥርስ አስማሚ ሰክተነዋል ማለት ነው። ንዝረቱ ጠንከር ያለ ከሆነ ነቅለን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እናሳይ።

5. ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስ

ኮምፒውተሩ በከፈትነው ቁጥር የብዙ ዓመት የቆየ ቀን ካሳየን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። በዴስክቶፕ ላይ ራሳችን ልንቀይራት እንችላለን፤ ቁጥሩ ከላይዋ ተጽፏል። ርካሽ ጥገና ነው፤ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ለሚለን ሰው ሳንቸኩል ይህን እናስቀድም።

6. ሻይ ሲደፋበት፣ ባትሪ ሲያብጥ

ፈሳሽ ከፈሰሰበት፦ ወዲያው እንንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነን እናጥፋ፣ ባትሪው ከወጣ እናውጣ፣ ገልብጠን ፈሳሹ እንዲወርድ እናድርግ። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ቀን ሳንከፍተው ይድረቅ። ምድጃ አጠገብ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አናድርቀው። «ሠርቶ ይሆን?» ብለን በየሰዓቱ የምንከፍተው ነው ዋናውን ጉዳት የሚያመጣው። ስኳር ያለው ሻይ ከሆነ ደርቆም ስለሚበላው ባለሙያ ከፍቶ ቢያጸዳው ይመረጣል።

የላፕቶፑ ሆድ ካበጠ፣ ኪቦርዱ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ባትሪው ተነፍቷል። አንጫነው፣ አንብሳው፣ ቻርጅም አናድርገው። እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ከሚቀጣጠል ነገር አርቀን ለባለሙያ እንስጥ።

7. «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ድምፅ

አሁን ወደ ወንድማችን ነገር እንመለስ። አሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፤ አንባቢው ጫፍ ከላዩ በጣም ስስ በሆነ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። በጉዞ ላይ ሲንገጫገጭ ጫፉ ሰሌዳውን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከመሳፈራችን በፊት ክዳኑን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ እናጥፋው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይም አንጫነው፤ ጉልበታችን ላይ እንያዘው።

ድምፁን ከሰማን ወይም ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ከወሰደ፣ የዚያን ሰዓት ሥራችን አንድ ብቻ ነው፦ በጣም አስፈላጊውን ፋይል መጀመሪያ ወደ ፍላሽ መገልበጥ። ፊልም አይደለም፣ ጥናታችንን። ከዚያ እናጥፋው። ደጋግመን አንክፈት፣ ፎርማት አናድርግ። ፎርማት የተሰበረ ዲስክ አይጠግንም፤ የቀረውን ይደመስሳል እንጂ።

ከሁሉ በላይ ግን ሦስት ቅጂ ይኑረን፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በምናምነው ጓደኛ ዘንድ። በኢንተርኔት ማስቀመጥ መልካም ነው። ግን በ2016 ዓ.ም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ በኢሜይል ብቻ ያስቀመጥን ሰዎች ፋይላችንን ማግኘት እንዳቃተን አንረሳም።

ለጠጋኝ ስንሰጥ

ማዘርቦርድ መበየድና ፓወር ሰፕላይ መክፈት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ፓወር ሰፕላይ ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለባለሙያ ስንሰጥ አራት ነገር እናድርግ። የላፕቶፑን መለያ ቁጥር እንመዝግብ። «ሳትጠይቀኝ ፎርማት እንዳታደርግ» ብለን በጽሑፍ እንስጥ። ዋጋውን አስቀድመን እንስማማ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሰን እንቀበል። ብልሽቱ የስክሪን ወይም የቻርጀር ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ወጥቶ እኛ ዘንድ እንዲቀር እንጠይቅ። በተለይ እህቶቻችን፣ ቤት ውስጥ የተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ ባዕድ እጅ እንዳይገባ ይህን ችላ አንበል።

ከመካከላችን መጠገን የሚችሉም አሉ። ለእነርሱ ደግሞ ይህ አማና ነው። የሰው ፋይል አለመክፈት፣ ደህናውን ራም በደካማ አለመቀየር፣ የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት ከአማናው ውስጥ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በዕረፍቱ በየወረዳችሁ ትምህርት ቤት አቧራ ለብሰው የቆሙ ኮምፒውተሮችን ፈቃድ ጠይቃችሁ ብታዩ መልካም ነው። የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር በሚሰጥበት ዘመን አንድ ላጲስና አንድ ብሩሽ ይዞ የሚያነሳት አንዲት ማሽን ለታናናሾቻችን ትልቅ ሰደቃ ናት።

የዚህ ዕረፍት የቤት ሥራ

ከመሳፈራችን በፊት፦ 1ኛ. ጥናታችንንና ማስታወሻችንን በሁለት ቦታ ገልብጠን፣ ቅጂው መከፈቱን በሌላ ኮምፒውተር እናረጋግጥ። 2ኛ. የቻርጀራችንን ቮልትና አምፒር በስልካችን ላይ እንጻፍ። 3ኛ. የአየር መውጫውን እንጥረግ። 4ኛ. ይህን ትምህርት ለአንድ ላልሰማ ወንድም ወይም እህት እናካፍል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን። መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ፤ በሰላም ሄዳችሁ ወላጆቻችሁን አስደስታችሁ ተመለሱ። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዕትም እንገናኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የጀመዓው የትምህርት ክፍል