ከጅግጅጋ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ፦ የሯጭ ተማሪ ዝግጅት ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል

በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በሽኒሌ ፈጣን ልጅ ያለው ብዙ ወላጅ ስለ አሜሪካ ስኮላርሺፕ ማጠያየቅ የሚጀምረው የ12ኛ ክፍል ውጤት ከታወቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኞች የዓመቱን ሯጮች መርጠው ጨርሰዋል። የኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ባወጣው ደንብ መሠረት የአንደኛ ዲቪዚዮን፣ ማለትም የከፍተኛው የውድድር ደረጃ፣ የአትሌቲክስ አሰልጣኝ ተማሪን ማነጋገር የሚችለው ተማሪው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ፣ ከጁን 15 ማለትም ከሰኔ 8 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሰኔ 8 ሲደርስ የሚታይ ነገር በእጅ መኖር አለበት።

በ9ኛ ክፍል መጀመሪያ ስምን አስተካክሉ። ከሩጫ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ብዙ ጉዳይ የሚንጓተተው ግን እዚህ ላይ ነው። በሶማሊኛ አጻጻፍ መሐመድ በ‘ኤክስ’ ይጻፋል፣ ፓስፖርት ላይ በ‘ኤች’ ይመጣል። የልደት ቀኑም በአንዱ ወረቀት በእኛ፣ በሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ይሰፍራል። ወረቀቶቹን አሜሪካ ላይ ሆኖ ለሚመረምር ሠራተኛ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ትራንስክሪፕትና ፓስፖርት በፊደልም በቀንም አንድ ይሁኑ።

ቀጥሎ ትምህርቱ ነው። ኤንሲኤኤ ከውጭ ተማሪ የሚጠይቀው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤትና የማጠናቀቂያ ማስረጃ ነው። ለአንደኛ ዲቪዚዮን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስን የሚጨምሩ 16 ዋና ትምህርቶች፣ ከ4 ነጥብም ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። በ9ኛ ክፍል የወደቀ ሒሳብ በ12ኛ ክፍል ሜዳልያ አይካካስም። ኤንሲኤኤ ኤስኤቲ የተባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በፈረንጆች 2023 ከመስፈርቱ አውጥቶታል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በራሳቸው ይጠይቃሉ።

ከዚያ ሰዓት መያዝ። በእግር ኳስ ሜዳ ጠርዝ የተሮጠ ዙር 400 ሜትር አይደለምና ለአሰልጣኝ ምንም አይነግረውም። ርቀቱን በሜትር ለኩ፤ ከተቻለም ልጁ በክልል ወይም በአገር አቀፍ ውድድር በይፋ የተመዘገበ ሰዓት ይኑረው። ከፍታውንም ጻፉ። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ኤንሲኤኤ ራሱ በከፍታ ቦታ ለተሮጡ ረጅም ርቀቶች ሰዓት ማስተካከያ ያደርጋል። ቪዲዮ ሲቀረጽ ስልኩን አግድም ይዛችሁ ከጎን፣ የእግሩ አጣጣል በሚታይበት ርቀት ቁሙ። ሙዚቃ አትጨምሩበት።

አሁን ደብዳቤው። የአሰልጣኞች ኢሜይል በየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ልጁ ራሱ፣ በራሱ እንግሊዝኛ ይጻፍ፦ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የሚመረቅበት ዓመት፣ ርቀትና ሰዓት፣ የተሮጠበት ቀንና ከተማ፣ አማካይ ነጥብ፣ የቪዲዮው ሊንክ። ከአሥር መስመር አይብለጥ። ከሰኔ 8 በፊት መጻፍ ይፈቀድለታል፤ አሰልጣኙ ግን ስለ ምልመላ ሊመልስለት አይችልምና ዝምታውን እንደ እምቢታ አትቁጠሩት። ቀኑ ሲደርስ አዲስ ሰዓት ይዞ እንደገና ይጻፍ።

በ11ኛ ክፍል በኤንሲኤኤ የብቃት ማረጋገጫ ማእከል ይመዝገብ፤ እንደ ዱዎሊንጎ ወይም ቶፍል ያለ የእንግሊዝኛ ፈተናም ይውሰድ። አሰልጣኝ «ስኮላርሺፕ አለ» ሲል፣ ከትምህርት ክፍያ፣ ከማደሪያና ከምግብ የትኛውን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቁት፤ በአትሌቲክስ ከፊል ድጋፍ የተለመደ ነው። ሦስተኛው ዲቪዚዮን ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ ጭራሽ አይሰጥም። ቦታ አስይዛለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ አንድ ብር አትስጡ፤ ቦታውን የሚሰጠው አሰልጣኙና ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው። ከማናጀር ጋር መፈራረምም የኮሌጅ ውድድርን በር ሊዘጋ ይችላል።

ለዘገየ ልጅ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ። ሶማሌው አብዲ አብዲራህማን ሩጫ የጀመረው በቱሳን፣ ፒማ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳለ ነው። ከዚያ ወደ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ለአሜሪካም በአምስት ኦሎምፒኮች ሮጠ። እሱ ግን ያኔ የሚኖረው እዚያው አሜሪካ ነበር፤ ከጅግጅጋ ለሚነሳ ልጅ የቪዛው ጊዜም ይታሰብ።

የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ የሮጡትን ርቀት፣ ሰዓቱንና ቀኑን ጻፉላቸው፤ በትምህርት ቤቱም ማኅተም አረጋግጣችሁ ስጧቸው።