ሜምኖን፦ በጥንት ድርሰቶች የተሳለው «የኢትዮጵያውያን ንጉሥ»

ስለ ትሮይ ጦርነት ሲወራ አኪለስን የማያውቅ የለም። እሱ የገደለው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ግን ብዙም አይነሳም። ሆሜር በ«ኦዲሴ» ሁለቴ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ አንዴ የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኮስን መግደሉን፣ አንዴ ደግሞ የመልኩን ማማር። ንጉሥነቱን የሚነግረን ሄሲዮድ ነው፤ እናቱ የንጋት አምላክ ኤኦስ፣ አባቱ ቲቶኖስ። ታሪኩን በሰፊው የተረከው «ኢትዮጲስ» የተባለው ግጥም ጠፍቷል። እጃችን ላይ ያለው በአብዛኛው የሌላ ሰው ማጠቃለያ ነው፤ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

«የኛ ንጉሥ ነበር» ብሎ ለመጻፍም መቸኮል አያስፈልግም። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ የዛሬዋን አገራችንን ብቻ ማለታቸው አልነበረም። ሄሮዶቱስ የሜምኖን ከተማ የሚላት የፋርሷን ሱሳን ነው። ግብፅ ውስጥ ሉክሶር አጠገብ በስሙ የሚጠሩት ሁለት ሐውልቶችም የፈርዖን አሜንሆቴፕ 3ኛ ናቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ጠላት ሆኖ ሳለ አለመናቁ ነው። ሮማዊው ኦቪድ እናቱ የምታፈስለትን እንባ ጤዛ ያደርገዋል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የጻፈው ኩዊንተስ ደግሞ የእንጅባራም ሆነ የዳንግላ ሽማግሌ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳት ነገር አለችው። ኔስቶር ልጁ ሲሞትበት በእርጅናው ሊዋጋ ይወጣል። ሜምኖን ግን አባቱን የሚያክል ሰው ላይ እጅ ማንሳት ነውር እንደሆነ ይነግረዋል፤ ሽማግሌውም ወደ ኋላ ይመለሳል።