ባኽ ቬኒስን አላየም

ቦታው ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ጠያቂው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ቤዝ ጊታር ይጫወታል። መላሹ ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቱ ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የሰጡኝን የቪቫልዲና የባኽ ኮንቼርቶዎች ሰማኋቸው። እውነቱን ልንገርዎት? ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ገና ሲጀምር ይሮጣል፣ ሲያበቃም እየሮጠ ነው።

አዛውንቱ፦ በምን ሰማኸው?

ወጣቱ፦ በስልኬ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው፣ እያጠናሁ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ገና አልሰማኸውም። የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም፤ የእነ ቪቫልዲና የባኽ ዘመን ሙዚቃ፣ ባሮክ የሚባለው፣ ደግሞ ያለ ቤዝ ምንም አይደለም። ቼሎው የቤዙን መስመር ይይዛል። ሃርፕሲኮርድ የሚጫወተው ሰው የሚያየው ያንኑ መስመርና በላዩ የተጻፉ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። ኮርዱን በምን መልክ እንደሚሞላ የሚወስነው ራሱ ነው።

ወጣቱ፦ እኛም እኮ እንዲሁ ነን! ኮርዱ ይነገረኛል እንጂ ኖታ የሚጽፍልኝ የለም።

አዛውንቱ፦ ለአንተ የሰጠሁህም ለዚህ ነው። ማዳመጫ ጆሮህ ላይ አድርግ፣ ወይም ስልክህን ከመዘምራኑ ስፒከር ጋር አገናኘው። መጽሐፉን ክደነው። በመጀመሪያው ዙር ቫዮሊኑን እርሳውና ቤዙን ብቻ ተከተል። ሩጫ ያልከው ነገር ከታች የሚነዳው እንዳለ ያን ጊዜ ትሰማለህ።

ወጣቱ፦ በሁለተኛውስ?

አዛውንቱ፦ አውጪና ተቀባዩን ለይ። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲከበር ዘፈኑን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል አይደል? የቪቫልዲም ኮንቼርቶ ተቀባይ አለው። መላው ኦርኬስትራ መጀመሪያ ላይ የሚጫወተው ዜማ ሪቶርኔሎ ይባላል። ብቸኛው ቫዮሊን ወጥቶ የራሱን ይላል፣ ሪቶርኔሎው ይመለሳል፤ ቫዮሊኑ እንደገና ይወጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የእኛ ተቀባይ ያንኑ ይደግማል፣ የቪቫልዲ ግን አንዴ ተቆርጦ፣ አንዴ በሌላ ኪይ፣ አንዴ በሐዘን መልክ ይመጣል። በመጀመሪያው ኪይ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። መንገዱን ካልተከተልክ ያ መመለስ ምንህም አይደለም፤ ከተከተልክ ግን ደስታው ሌላ ነው።

ወጣቱ፦ አውጪው ሁልጊዜ አንድ ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም። ጣሊያናዊው ኮሬሊ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1714 የታተሙት 12 ኮንቼርቶዎቹ አውጪዎቻቸው ሦስት ናቸው፤ ሁለት ቫዮሊንና አንድ ቼሎ። ባኽ ደግሞ በ1721 ለብራንደንቡርጉ መስፍን ስድስት ኮንቼርቶዎች ሲያበረክት እያንዳንዱን በተለየ መሣሪያ ስብስብ ነው የሠራው። በስድስተኛው ቫዮሊን የሚባል የለም። በሁለተኛው ትራምፔት፣ ኦቦ፣ ቫዮሊንና ሪኮርደር የሚባለው ለስላሳ የእንጨት ዋሽንት እኩል ያወጣሉ። ትራምፔትና ዋሽንት ጎን ለጎን! ድፍረቱን ተመልከት። በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩሮች ከተላኩት ሙዚቃዎች የመጀመሪያው የዚህ ኮንቼርቶ መክፈቻ ነው፤ በካርል ሪሽተር የተመራው ቅጂ።

ወጣቱ፦ አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በሶዶ እንዲህ ያለ ኦርኬስትራ አይቼ አላውቅም። ሃርፕሲኮርድንማ በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው። በሩቁ፣ በቅጂ ብቻ የሚሰማን ሙዚቃ የእኔ ማለት ይቻላል?

አዛውንቱ፦ ባኽ ጣሊያንን ረግጦ አያውቅም። ቬኒስን አላየም፤ ቪቫልዲ ቫዮሊን ያስተማራቸው፣ በፒዬታ የሕፃናት ማሳደጊያ ያደጉ ሴቶች ሲጫወቱም አልሰማም። የደረሰው ወረቀት ነው። በ1711 በአምስተርዳም ከታተሙት 12 የቪቫልዲ ኮንቼርቶዎች ስድስቱን ወስዶ ለኦርጋን፣ ለሃርፕሲኮርድ መልሶ ጻፋቸው። ለአራት ቫዮሊን የነበረውን ለአራት ሃርፕሲኮርድ አደረገው። እነዚህን ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው፤ ሰው ከሩቅ የመጣለትን ነገር እንዴት የራሱ እንደሚያደርግ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። ለባኽ ወረቀት ከበቃው፣ ለአንተ ድምፁ ራሱ መጥቶልሃል።

ወጣቱ፦ እሱ ግን ባኽ ነው።

አዛውንቱ፦ አንተም ባዶ ጆሮ ይዘህ አልመጣህም። አልቶና ቴነር ሲለያዩ እየሰማህ አድገሃል። ጎረቤቶቻችን ዶርዜዎች በጋሞ ደጋ፣ ኖታ ሳይጽፉ፣ የተለያየ ድምፅ እየደራረቡ ይዘፍናሉ፤ የዓለም ተመራማሪዎች ሊቀዱት የመጡ ዘፈን ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም ስለ እረኛ ዋሽንት ነፊ ለኦርኬስትራ ሥራ ደርሷል። ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ መስማት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ወጣቱ፦ ከብራንደንቡርግ ኮንቼርቶዎች ቅጂዎችስ የትኛውን ልያዝ? ለአንዱ ኮንቼርቶ መዓት አለ።

አዛውንቱ፦ ሁለት ያዝ፣ ከሁለት ዓይነት። አንዱ የሪሽተር ይሁን፤ በዘመናዊ መሣሪያ የተቀዳ፣ ክብደት ያለው ነው። ሌላው ኒኮላውስ ሃርኖንኩርት በ1964 በቪዬና የቀዳው ይሁን። እሱ የባኽን ዘመን መሣሪያዎች ነው የሰበሰበው፤ ክራቸው እንደ በገናችን ከአንጀት የተሠራ። እንዲህ ያሉ ቡድኖች ብዙዎቹ ላ የሚባለውን ድምፅ ከዛሬው 440 ኸርዝ ወደ 415 ያወርዱታል፤ ግማሽ ድምፅ መሆኑ ነው። በጊታርህ አብረህ ልትጫወት ብትሞክር ወዲያው ይገባሃል።

ወጣቱ፦ የተበላሸ ቅጂ መስሎኝ ነበር!

አዛውንቱ፦ አልተበላሸም። እኔ ለአሮጌዎቹ መሣሪያዎች አደላለሁ፤ በእነሱ ቅጂ ትራምፔቱ ዋሽንቱን አይውጠውም። በዝግታው ክፍል ግን ሪሽተርን አልተውም።

ወጣቱ፦ ዛሬ ማታ በየትኛው ልጀምር?

አዛውንቱ፦ በሦስተኛው ብራንደንቡርግ። ሦስት ቫዮሊን፣ ሦስት ቪዮላ፣ ሦስት ቼሎ፣ ከሥራቸው ቤዝ። መሐል ላይ ባኽ ለዝግታው ክፍል የጻፈው ሁለት ኮርድ ብቻ ነው።

ወጣቱ፦ ሁለት ብቻ? ታዲያ ምን ይጫወታሉ?

አዛውንቱ፦ አንዳንዱ ሁለቱን ብቻ ተጫውቶ ያልፋል፤ አንዳንዱ በቫዮሊን ወይም በሃርፕሲኮርድ የራሱን ይጨምራል፤ ከሌላ የባኽ ሥራ ዝግታ ክፍል አምጥቶ የሚያስገባም አለ። የቅጂዎቹን ምርጫ ሰምተህ ስትጨርስ ጊታርህን አንሳና በሁለቱ ኮርዶች መካከል አንተ ምን እንደምትል ሞክር። ነገ መጥተህ ታሰማኛለህ።